ውሃ የሚጠጣው ጃኬት

ሰሊጥ ስገዛ አልታለልም። የጆንያውን ጎን በብረት መውጊያዬ ወግቼ፣ የወጣውን በመዳፌ አሽቼ፣ እፍ ብዬ ገለባውን ሳላይ ሚዛን ላይ አላወጣም። ኮኪት ገበያ ላይ «እሱ የእናቱንም ጆንያ ወግቶ ነው የሚገዛ» እያሉ ያሙኛል። ይኸው እኔ፣ ሰው የሚያሰጥም ጃኬት በገዛ እጄ መርጬ ገዛሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ክረምት ሲገባ የጓንግ ወንዝ ይሞላና የሰሊጥ እርሻዬን ከመንገድ ይቆርጠዋል። አራሚዎቹ ማዶ ናቸው፤ ዱቄቱና ዘይቱ ወዲህ። የሚያሻግረን፣ አራት የትራክተር የውስጥ ጎማ ላይ ሳንቃ ታስሮበት የተሠራ ታንኳ ነው። ቀዛፊው ከጣና ዳር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ከመሻገሪያው ዝቅ ብሎ ውሃው ከድንጋይ እየተላተመ ነጭ አረፋ ይደፍቃል። «ጣና ሊቆጣ ሲል ይነግርሃል። ይኼ ግን ጥርሱን እያሳየ ነው የሚበላህ» ይሉኝ ነበር፣ አረፋውን በመቅዘፊያቸው እያመለከቱ።

የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያንሳፍፍ ጃኬት። «ዋና አውቃለሁ። ጉልበቴ ግን ከዚህ አረፋ ጋር አይችልም» አሉኝ።

መተማ ወረድኩ። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት ዘረጋልኝ። ሁለቱም ብርቱካንማ፣ ሁለቱም ፊሽካ የተንጠለጠለባቸው። አንደኛው ሲያነሱት እንደ ባዶ ካርቶን ይቀላል። ሁለተኛው ከበድ ያለ፣ ስፌቱ ድርብ፣ ደረቱ ሙሉ። እኔ ዕድሜ ልኬን ከባዱን ስመርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰሊጥ ከከበደ ፍሬ ነው፤ ከቀለለ ገለባ። ከባዱን አነሳሁ።

«ለውሃ ይሆናል?»

«ተማም፣ ምንም አይል! የውሃ ጃኬት ነው እኮ» አለኝ።

ደስ ብሎኝ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ ጫማም ጨመርኩላቸው።

ሽማግሌው ቦቲውን ሲያዩ ሳቁ። «ይኼን ተጫምቼ ከወደቅኩ፣ ሁለት ባልዲ ውሃ እግሬ ላይ ታሰረ ማለት ነው።» ቀጥለው ጀለብያዬን ገላመጡት። «አንተም ይኼን አውልቅ፤ ውሃ ውስጥ እግርህን ይጠልፍሃል።» እሳቸው የሚለብሱት ውሃ የማይዝ የኳስ ቁምጣና ማሊያ ነው። እግራቸው ላይ ማሰሪያ ያለው የላስቲክ ጫማ፤ ወንዙ ግንድ እየጎተተ ስለሚመጣ ራሳቸው ላይ የግንበኛ ጠንካራ ቆብ። ልብስ መምረጥ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ጃኬቱን ግን አላገላበጡትም። «አንተ የመረጥከው ነው» ብለው ታጠቁት።

ይቺ ቃል ናት የምታቃጥለኝ።

ዱቄት ጭነን ስንሻገር መሃል ወንዝ ላይ ግንድ መጥቶ ታንኳውን ገጨው። ሽማግሌው ከነመቅዘፊያቸው ወደቁ። እኔ ጅሉ አልደነገጥኩም፤ ጃኬት አለ ብዬ! ብርቱካንማው ብቅ አለ። ቆየት አለና፣ ረጋ ብሎ፣ እንደ ሙሉ ጆንያ ወደ ታች ወረደ። ዱቄቱ የታሰረበትን ገመድ ፈትቼ ወረወርኩ። ሁለት ጊዜ ሳትኩ። በሦስተኛው ራሳቸው ብቅ ሲል ያዙት፤ አረፋው ጋ ሊደርሱ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

በትርፉ መቅዘፊያ ቀዝፌ ዳር አውጥቻቸው ጃኬቱን በመውጊያዬ ወጋሁት። ገና ያኔ! ውስጡ የፍራሽ ስፖንጅና የጨርቅ ቁርጥራጭ ነው። ስጨምቀው እንደ ቧንቧ ወረደ።

«መውጊያህን ቀደም ብለህ ብታወጣው ምን ነበረበት?» አሉኝ፣ ውሃውን እየተፉ።

በማግስቱ መተማ ሄጄ ጃኬቱን ባንኮኒው ላይ ጣልኩት። «ሰው ሊገድል ነበር! ውሃ ይጠጣል!»

«ወንድሜ፣ የውሃ ነው አልኩህ እንጂ ይንሳፈፋል መቼ አልኩህ?»

ሱቁ በሳቅ ተሞላ። እኔን ግን ሳቅ አልመጣኝም። «ያ ቀላሉስ?» ስለው፣ «እሱን አንተ ናቅከው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው።

በር ላይ የውሃ በርሜል ነበር። ቀላሉን ወስጄ ነከርኩት፤ ስደፍቀው እንደ ኳስ እየዘለለ ወጣ። የቀሩትን ከባዶች ተራ በተራ ዘፈቅኳቸው፤ ሁሉም ውሃ ጠጥተው ወረዱ።

«አንተ ሰው፣ ዕቃዬን አበሰበስከው!»

«የውሃ ጃኬት አይደል?»

ሽማግሌው ገዝቼ የወሰድኩላቸውን ቀላሉን ጃኬት ታጥቀው መጀመሪያ ዳር ዳሩን ገቡ። አገጫቸው ከውሃ በላይ መሆኑን፣ ጃኬቱ ሽቅብ ወደ ጆሯቸው አለመንሸራተቱን አይተው ነው መቅዘፊያ ያነሱት።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ በዚያ ሱቅ ፊት ሳልፍ፣ ከዘፈቅኳቸው ከባድ ጃኬቶች አንዱ ደርቆ፣ ተወልውሎ በሩ ላይ ተሰቅሏል። አንድ አራሚ በእጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይመዝነዋል።

«ከበድ ይላል፤ ጥሩ ነው» አለ ለባለሱቁ።

መውጊያዬን ከኪሴ አወጣሁና፣ ባለሱቁ እያየኝ፣ የጃኬቱን ጎን ወጋሁት።