የእናቴን መደገፊያ የደበቅኩት እኔ ነኝ

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም። ለወንድሜም አልነገርኩትም። ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬ ኃጢአቴን ስዘረዝር እንኳ እዚህ ጋ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። እርስዎ አያውቁኝም፤ ምናልባት አፌ የተፈታው ለዚህ ይሆናል።

እናቴ የአንጋጫ ሴት ነበረች። ባለፈው ክረምት እንሰቷ መሃል አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ተደርጋ ከሆስፒታል ስትወጣ ሆሳዕና ከተማ እኔ ቤት አመጣኋት። አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ጊዜ አጣሁ ልል አልችልም። ነርሷ ስትሸኘን ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ ሰጠችንና "ጠዋትና ማታ አራምጃቸው። ካስተኛሻቸው እግራቸው ይከዳቸዋል" አለችኝ። ሰማሁ፤ ገባኝም።

የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። አማ (እናታችንን የምንጠራት እንደዚያ ነው) ብረቷን ይዛ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ከዚያም እስከ ጓሮው መድረስ ጀመረች። ላብ በላብ ሆና ትስቃለች። "ለመስቀል አንጋጫ በእግሬ ነው የምገባው" ትለኝ ነበር፤ እኔም አምኛታለሁ።

እሁድ ከአምልኮ መልስ ጠያቂዎች መጡ። አማን ያገኟት ጓሮ ቆማ ጎመን ስትቀነጥስ ነው። አክስቴ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። "ውይ! ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቷ ጓሮ አሰማራሻት? የሚያስታምማት ሰው ጠፋ?" እኛ ዘንድ በሽተኛ የሚጠየቀው ተኝቶ ነው። ቆሞ ከተገኘ ቤተሰቡ ይታማል።

ይሉኝታ ያዘኝ። ሰዎቹ እንደሄዱ ብረቱን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ደበቅኩት። እኔ ነኝ የደበቅኩት፤ ማንም አላዘዘኝም። ሳሎን አልጋ ዘረጋሁላት፣ አዲስ ጋቢ አለበስኳት፣ አጥሚት በእጄ አጠጣኋት። ጠያቂው ከአንጋጫም ከፎንቆም ጎረፈ። "እንዲህ ያለች ልጅ ለሁላችን ይስጠን" ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር። አዎ፣ ደስ ይለኝ ነበር! "ልጄ፣ ብረቴን አምጪልኝ" ስትለኝ "ሰው እየመጣ ነው አማ፣ ነገ" እላታለሁ። ስንት ነገ አለፈ? ሰው ምን ይለኛል ብዬ እናቴን አስተኛኋት። በኋላ መጠየቁንም ተወችው፤ መስቀልም አልጋ ላይ እንዳለች አለፈ።

የቀጠሮዋ ቀን ተሸክመን መኪና ላይ አወጣናት። ሐኪሙ የሰለለ እግሯን ነካክቶ "ለምንድነው ያልተራመዱት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"እምቢ ብላን ነው" አልኩት።

አጠገቤ ተኝታለች። አማርኛ ትሰማለች። ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ሐኪሙ ተመልሳ "ልክ ናት፣ ዶክተር። እኔ ነኝ የሰነፍኩት" አለች።

እናቴ! አራስነቷን ሳትጨርስ እንሰት ልትፍቅ የተነሳች ሴት። የእኛ አገር እናት ሌላውን ሁሉ ብትባል ትችላለች፤ ሰነፍ መባልን ግን አትችልም። ይህን ስም በማታውቀው ወጣት ሐኪም ፊት በገዛ አፏ ለራሷ አወጣች፣ እኔ እንዳላፍር ብላ። ያኔ "ውሸቴን ነው" ማለት ምን ያቅተኝ ነበር? አንዲት ቃል አይደለችም? እንዳመጣናት ተሸክመን ቤት መለስናት፤ እሷም ነገሩን አላነሳችብኝም።

ከዚያ በኋላ ጀርባዋ ቆሰለ፣ ሳንባዋ ታመመ፣ በጥቅምት አረፈች። በቀብሯ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ "ልጇ ሳትሰለች አስታመመቻት" ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰው እጄን እየጨበጠ "አንቺስ ያለብሽን ተወጥተሻል" አለኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።

ይቅር ይበሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ሳልጠይቃት ጥፋቴን የራሷ አድርጋ ሄደች። ወንድሜ ዛሬም "አማ ትንሽ ብትበረታ ኖሮ" ይላል። አጠገቡ ተቀምጬ እሰማዋለሁ፤ አላርመውም። እስከ ዛሬ አላረምኩትም። እንግዲህ ቢያንስ እርስዎ ይወቁልኝ፦ እናቴ አልሰነፈችም። ልነሳ እያለች ያስተኛኋት እኔ ነኝ።