ሰበታ የሄደው ለቀስተኛ

ጎረቤቶቼ ሊያጽናኑኝ ሲፈልጉ የባሌን ቀብር ያነሳሉ። «ቡራዩ እንዲህ ያለ ሕዝብ አይታ አታውቅም» ይሉኛል። እሺ እላለሁ። በልቤ ግን ሰው ያልመጣበትን ሌላ ቀብር አስባለሁ።

ያኔ ከደረጀ ጋር ገና አልተጋባንም። ቡራዩ፣ ከአንድ ብረታ ብረት ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ድረ ገጽ እንሠራ ነበር። ከታች ግራይንደሩ ሲጮህ ጠረጴዛችን ይንቀጠቀጣል። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ዕድሮች አዲስ አበባ ለሚውሉ አባሎቻቸው አንድ ድረ ገጽ አሠሩን። ለየከተማው የራሱ ገጽ፣ ለየገጹም ምን እንደሚያሳይ የሚያዘው ኮንትሮለር የሚባል የራሱ ፕሮግራም ነበረው። ደረጀ የለቅሶ ማስታወቂያ የሚወጣባትን ሳጥን አንዴ ጽፎ ሦስቱም ገጾች እየጠሩ እንዲያሳዩዋት አደረገ። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ስለሆነ ግን፣ አንዴ ተሞልታ የወጣችው ሳጥን እንዳለች ተቀምጣ ለሌሎቹም እንድትሰጥ አደረጋት። የየትኛው ከተማ እንደሆነች የሚለይ ምልክት አላደረገባትም።

ክረምት ሊገባ ሲል፣ በአንድ ጠዋት ሰበታም ሱሉልታም ሰው ሞተ። የሰበታው ገጽ ቀድሞ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የሱሉልታን ገጽ የከፈተ ሁሉ ያየው የሰበታውን ሟች ነው። የአባል ዘመድ መስሏቸው ወደ ሰበታ ተሳፈሩ። ሱሉልታ የሞተችውን የኦቦ ቶሎሳን ሚስት ግን አዲስ አበባ ካሉት የሰማ የለም።

ከሰዓት የሱሉልታው ዕድር ዳኛ ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ሰዎቻችንን ሰበታ ልከህ እኛ ብቻችንን እንቅበር?»

ደረጀ ስልኩን ዘግቶ ተነሣ። ታክሲ እየቀያየርን እንጦጦን ተሻገርን፤ ዝናብ የነካው ባሕር ዛፍ በመስኮት ይሸተናል። ስንደርስ ቀብሩ አልቋል። ድንኳኑ ውስጥ አብዛኞቹ አግዳሚዎች ባዷቸውን ነበሩ።

ደረጀ ኦቦ ቶሎሳ እግር ሥር ተንበርክኮ የሆነውን ነገራቸው። ሽማግሌው ስለ ኮምፒዩተሩ ምንም አልጠየቁም።

«እንግዲህ ሰው ጠልቷት አይደለም የቀረው?»

«አይደለም፣ አባቴ። በእኔ ነው።»

«ያ ዋቃዮ! እኔ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ማንን አስቀይማ ይሆን እያልኩ ነበር።»

ከዚያ ንፍሮ በእጃቸው ዘግነው ሰጡን። ደረጀ ጨብጦት ቀረ፤ መብላት አልቻለም።

ሳጥኗ በማግስቱ ተስተካከለች፤ በተጠራች ቁጥር ለጠራት ከተማ እንደ አዲስ ትሞላ ጀመር። ደረጀ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ከተጋባን በኋላም ሱሉልታ ለቅሶ ሲለጠፍ የማያውቀውን ሰው ሊቀብር ይሄዳል። ልጆች ይዤ ብቻዬን ስቀር እናደድ ነበር።

«ማን አለህ እዚያ?» እለዋለሁ።

«እመለሳለሁ» ብቻ ይለኛል፣ ጫማውን እያሰረ።

አንድ ቀን እንኳ አብሬው አልሄድኩም። እሱ ሲሞት ድንኳኑን የሞሉት የሱሉልታ ሰዎች ነበሩ። አንዷ እናቷን፣ አንዱ ወንድሙን አብሯቸው እንደቀበረ እየነገሩኝ አለቀሱ። እኔ አንዳቸውንም አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ እኔም ለማላውቀው ሰው ለቅሶ ሱሉልታ ሄድኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ወደ እኔ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ሟቹ ምንዎ ናቸው?» አለችኝ።

ደረጀ እንዲህ ሲሉት ምን ይል እንደነበር፣ ያን ሁሉ ዓመት አብሬው ኖሬ ጠይቄው አላውቅም።