ጀሌ ቁጥር ሦስት

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ከምሳ በፊት ሞትኩ።

ቦታው ከለንደን ወጣ ብሎ የሚገኝ የአሸዋ ማውጫ ነበር። በፊልሙ ላይ በረሃ ነው ተብሏል፤ ብርዱ ግን የለንደን ነው። እኔ በሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ የሠራተኞች አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። የምሥራቅ አፍሪካ መልክ ያላቸው ወንዶች ለፊልም ይፈለጋሉ ሲባል ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አራት ሆነን ተመዘገብን። ሽርጥ፣ የተቀደደ ቲሸርትና ከጎማ የተሠራ ጠመንጃ ሰጡን። እሑድ እሑድ ጸሎት የሚመራው ወንድማችን ዝናር ታጥቆ ሳየው ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ረዳት ዳይሬክተሩ በጣቱ እየጠቆመ "አንተ፣ አንተና አንተ ትሞታላችሁ" አለን። ሌሎቹ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ኋላ ተንጋለሉ። እኔ ጉልበቴ ከዳኝና በጎኔ ወደቅኩ፤ ጠጠር ስለቆረቆረኝም አንዴ ተፈራገጥኩ።

"ይሄ ሰውዬ መሞት የት ነው የተማረው?" ብሎ ረዳት ዳይሬክተሩ ጮኸ። በአውቶቡስ መናኸሪያው አሥር ዓመት ስሠራ እንዲህ ያመሰገነኝ አለቃ አልነበረም። በማግስቱ የትወና ሥራ የሚያፈላልግልኝ ኤጀንት መፈለግ ጀመርኩ።

በዚህ ሙያ ደረጃ አለ። ከታች ኤክስትራ ነው፤ ከኋላ ይራመዳል፣ አይናገርም፣ ድንኳን ውስጥ ተሰልፎ ይበላል። ቀጥሎ አንድ ሁለት ቃል የሚናገር አለ፤ ለእሱ ወንበር ይሰጡታል። ከላይ ስም ያለው ገጸ ባሕርይ የሚጫወት አለ። የማን ደረጃ የት እንደሆነ የሚታወቀው ኮል ሺት በሚባለው የዕለቱ የሥራ ወረቀት ነው። በግራ የገጸ ባሕርዩ ስም፣ በቀኝ የተዋናዩ ስም ይጻፋል። በቀኝ በኩል አሰፋ ነኝ። በግራ በኩል ግን ለአሥራ አንድ ዓመት "ጀሌ ቁጥር ሦስት"፣ "ጠባቂ ሁለት"፣ አንዴም "ባለ ጠባሳው ሰውዬ" ነበርኩ።

ባለቤቴ አልማዝ ወረቀቱን ባየች ቁጥር "እነዚህን ሰዎች እናት አልወለደቻቸውም? ምነው ስም እንኳ ነሷቸው?" ትላለች። አብሬያት እስቃለሁ። ውስጤን ግን ይከነክነኝ ነበር። ስም ያለው ክፉ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ሳልጫወት ዕድሜዬ እንዳያልፍ እፈራ ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ ሃሮልድ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ክፉ ሰው ብቻ ሲጫወት የኖረ አዛውንት ተዋናይ ነው፤ ባንክ ዘርፏል፣ ሕፃን አግቷል፣ ንጉሥ መርዟል። በእረፍት ሰዓት ግን የቲማቲም ችግኞቹን ፎቶ ያሳየኛል። ያየኋቸው ትልልቅ ክፉዎች ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ ሜካፕ የምትቀባቸውን ልጅ የእናቷን ጤና ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ አስቸጋሪው ጀግናውን የሚጫወተው ነው።

አንድ ቀን ሃሮልድ በቀረጻ ላይ ዓይኔን አጉረጥርጬ ስጮህ አይቶ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

"አሰፋ፣ ለምንድን ነው የምትጮኸው?"

"ክፉ ነኛ!"

"ክፉ ሰው ክፉ ነኝ አይልም። አንድ ነገር ይፈልጋል። የሚፈልገውን ብቻ አጥብቀህ ያዝ። ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ ዓይንህንም አታርገብግብ።"

ከዚያ ወዲያ አውቶቡሱን ቀይ መብራት ላይ ባቆምኩ ቁጥር ሳላርገበግብ መቆየት እለማመዳለሁ። አንዲት ተሳፋሪ በመስተዋቱ አይታኝ "ደህና ነህ?" ብላኛለች።

ጥፋቴ የመጣው ክሌር ከምትባል ዳይሬክተር ጋር ስሠራ ነው። ክሌር ቁጡና ጠንቃቃ ሴት ናት፤ የአንድ ብርጭቆ ቦታ ሲቀየር ታውቃለች። በፊልሟ ውስጥ እኔ የምጫወተው ጀሌ ቁጥር ሦስት አንዲት የታገተች ሴት ያስፈራራል። ድርሰቱ ላይ የተጻፈው "በቋንቋው ይዝትባታል" የሚል ብቻ ነበር።

"ምን ልበል?" አልኳት።

"የፈለግከውን። የሚረዳው የለም። እንድትፈራህ ብቻ ነው የምፈልገው።"

ታጋቿን የምትጫወተው ልጅ የታናሽ እህቴ ዕድሜ ናት። ከጠዋት ጀምሮ እጇን ታስራ ስታለቅስ ውላለች፤ ስሜቱ እንዳይጠፋባት ብላ ምሳዋንም አልበላችም። ሳንድዊቿ እንደታሸገ ከካሜራው ጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ሴት ልጅ ሰድቤ አላውቅም። የጎማ ቢላ አስይዘውኝ ቆሜ የሃሮልድ ምክር ትዝ አለኝ። በዚያች ሰዓት ከልቤ የምፈልገው ያቺ ልጅ ምሳዋን እንድትበላ ነበር።

"አክሽን!" ተባለ። ተጠጋኋትና ዓይኔን ሳላርገበግብ፣ በዝግታ፣ "በሞቴ። አንዴ ብቻ ቅመሺ። አፈር ስሆን! እንዲህ ሆነሽ ከፊቴ ብትነሺ እቀየምሻለሁ" አልኳት።

ልጅቷ እውነቷን ተንቀጠቀጠች። ክሌር ካሜራውን ካስቆመች በኋላ "ይሄ ነው! ድጋሚ አያስፈልግም" አለች። ምን እንዳልኩ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ፊልሙ ወጣ። እንግሊዞቹ በዚያ ትዕይንት ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከጥቂት ቀን በኋላ በርበሬ ልገዛ አርችዌይ ሰፈር ካለው የሐበሻ ሱቅ ስገባ፣ ባለ ሱቁ ሰዒድ እየሳቀ ከመደርደሪያው ኋላ ወጣ።

"ጋሽ አሰፋ፣ ገደሉን እኮ! ቢላ ይዞ በሞቴ ቅመሺ! ሰው ሁሉ ሼር አድርጎታል።"

"የት ነው ሼር ያደረገው?"

"የት ያልደረሰበት አለ? ባለቤቴ ልጆቹን ቁርስ የምታበላው እርስዎን እያስመሰለች ነው። አንዱም አያስተርፍ!"

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ከቪዲዮው ሥር ሰዎች ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ጽፈውበታል። እሱ ሲስቅ እኔን ላብ አጠመቀኝ። በዚያው ሳምንት ኤጀንቴ ደውላ፣ ክሌር ለአዲሱ ፊልሟ ዋና ክፉ ሰው ሐሙስ ለኦዲሽን፣ ለትወና ፈተና፣ ጠርታሃለች ብላኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ሥራ ነው። በፊልሜ ቀልዷል ብላ ካመነች ሁለተኛ አትጠራኝም።

ቤት ገብቼ ለአልማዝ ነገርኳት። "ዝም ብዬ ብሞክርስ? ላትሰማ ትችላለች" አልኳት።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ከሰው አፍ ከምትሰማው ራስህ ንገራት" አለችኝ።

ሃሮልድ ጋ ደወልኩ። ሳቁን ሲጨርስ "ከኦዲሽኑ በፊት ተናገር። በኋላ ከሆነ ሥራውን እየለመንክ ይመስላታል" አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ክፍሉ ውስጥ ክሌርና ተዋናይ መራጯ ተቀምጠው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ካሜራና አንድ ሳህን ብስኩት አለ። "ከመጀመሬ በፊት የምናገረው አለኝ" አልኩና ያልኩትን ሁሉ ቃል በቃል ተርጉሜ ነገርኳቸው። መራጯ ሳቀች። ክሌር አልሳቀችም።

"ያንን ትዕይንት ስድስት ወር ነው ያቀናበርኩት። ሙዚቃውን በአንተ ድምፅ ልክ ነው ያሠራሁት። አንተ የምታወራው ስለ ሳንድዊች ነበር?"

"አዎ።"

"ለምን የዚያኑ ዕለት አልነገርከኝም?"

"ደስ ብሎሽ ስለነበር ፈራሁ።"

"የዚያን ቀን ብበሳጭ ይሻለኝ ነበር" አለች። አንገቴን ደፋሁ፤ እውነቷን ነው። አፈርኩ። ተነስቼ ልሄድ ስል እጇን አነሳች።

"አንድ ነገር ግን አስረዳኝ። ስለ ምግብ ከሆነ ለምን አስፈራ?"

"በእኛ አገር ትልቅ ሰው በሞቴ ካለሽ እምቢ ማለት አትችዪም" አልኳት። "ጠግበሽም ቢሆን ትበያለሽ። የሚለምንሽ ስለሚወድሽ ነው፤ መውጫ ግን የለሽም።"

"አሳየኝ" አለች።

ሳህኑን አነሳሁ። አንድ ብስኩት ወደ አፏ አስጠግቼ በአማርኛ ለመንኳት፤ እጄንም አላወረድኩም። ራሷን ወደ ኋላ ሸሸት አደረገች። ከዚያ በላችው። "አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል" ብዬ ሁለተኛውን አስጠጋሁ። እሱንም በላችው። የተሰጠኝን ጽሑፍ ሳላነብ "እንደውልልሃለን" ብለው አሰናበቱኝ።

አራት ቀን ሠራተኛ ሳመላልስ ዓይኔ ከስልኬ አልተነቀለም። በአምስተኛው ቀን መጨረሻው ፌርማታ ላይ ቆሜ ሳለሁ ኤጀንቴ ደወለች።

"ተቀብላሃለች። ድርሰቱንም እያስለወጠች ነው፤ ክፉው ሰው እንግዶቹን እያበላ የሚያጠፋ ሊሆን ነው። ግን አንድ ነገር ትፈልጋለች። ሰውዬው ከአንተ አገር ስለሚሆን ስሙን አንተ ምረጥለት።"

"ተመስገን!" ብዬ ስጮህ የሚወርዱት የጽዳት ሠራተኞች አጨበጨቡልኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አያውቁም።

ስም ማውጣቱ ቀላል መስሎኝ ነበር። እሑድ ከጸሎት በኋላ ለወንድሞች አነሳሁት። በቀለ ብል የአንዱ አባት ነው። ግርማ ብል ግርማ ራሱ ከፊቴ ተቀምጧል። አልማዝ "የአባቴን ስም እንዳትሞክራት!" አለችኝ። ሱቁ ስሄድ ሰዒድ ደግሞ ሳይስቅ፣ "ጋሼ፣ የእኛን ስም እንዳይነኩብን። በፊልም ክፉ መሆን ሰልችቶናል" አለኝ። የትኛውንም ስም ብመርጥ የሚጠራበት የሰው ልጅ አለ።

ሦስት ቀን አሰብኩና ለአልማዝ "የራሴን እሰጠዋለሁ" አልኳት።

"ስምህ የአንተ ብቻ ነው እንዴ? ማርታስ?"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ልጃችን ማርታ ነርስ ናት። "ማርታ አሰፋ" የሚል መታወቂያ በየቀኑ ደረቷ ላይ ለጥፋ ሕመምተኛ ታክማለች። ወዲያው ደወልኩላት። ነገሩንም አንድ በአንድ ነገርኳት።

"አባዬ፣ ኖ ፕሮብሌም" አለች። "ግን ሲሪየስሊ፣ በደንብ ተጫወተው። ሰው የአሰፋ ልጅ ነሽ ወይ ሲለኝ አዎ ማለት እፈልጋለሁ።"

ለክሌር "አሰፋ በይው" አልኳት። እርግጠኛ መሆኔን ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝና ጻፈችው።

በመጀመሪያው የቀረጻ ቀን ኮል ሺቱ መጣ። በግራም አሰፋ፣ በቀኝም አሰፋ ይላል። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሜካፕ የምትቀባኝ ልጅ ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ። ደህና እንደሆንኩ ነገርኳትና እናቷን ጠየቅኳት።

ለጀማሪ የምለው አንድ ነገር ነው። ክፉ ሰው ስትጫወት የራስህን ነገር ስጠው። በሌላ ሰው ስም ለሚጫወቱት ገጸ ባሕርይ ማንም አይጠነቀቅለትም። እኔ በዚህ ሙያ በጣም ተጠንቅቄ የሠራሁት ልጄ የምትጠራበትን ስም የሰጠሁትን ሰው ነው።