የእናቴ ሳይረን

እናቴ ድምፅ የላትም። ለዓመታት አንገቷ ላይ የተሸከመችውን እንቅርት በቀዶ ጥገና ሲያወጡላት ድምጿም አብሮ ሄደ። ሐኪሞቹ ቀስ እያለ ይመለሳል ብለው ነበር፤ ቀስ ማለቱን እንጂ መመለሱን አላየንም። የምትናገረው በሹክሹክታ ነው፤ አጠገቧ ቆሞ አፏን እያየ ያላዳመጣት ሰው አይሰማትም። አባቴ ካረፈ ወዲህ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ዳር ባለው ቤቷ ብቻዋን ትኖራለች። እኔ ነፋስ መውጫ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። አብረን እንኑር ባልኳት ቁጥር መልሷ አንድ ነው፤ "ቤቴን ለማን ጥዬ?"

በኛ አገር የተቸገረ ሰው ይጮሃል። ሌባ ቢገባ፣ እሳት ቢነሳ፣ ሰው ቢወድቅ፣ "ኡኡ" ሲባል የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። በዕድራችን ደንብም የተጻፈ ነው፤ ጩኸት ሰምቶ የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱስ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሐሜቱ ነው። እናቴ ከድምጿ ጋር ይህንንም አጥታለች፤ ነገሩ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። አንድ ዓርብ ሰው ሁሉ ገበያ ወጥቶ ሳለ አንድ ጎረምሳ በጓሮ ገብቶ ሁለት ጋቢና ሬዲዮዋን ይዞባት ወጣ። በር ላይ ቆማ አየችው። አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። የአጥር ጎረቤታችን እዚያው ማዶ ባቄላ ስታበጥር ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ከሌባው ይልቅ የተናደድኩት በራሴ ነው፤ ኤሌክትሪክ አስተማሪ ሆኜ የእናቴን ቤት ለሌባ ከፍቼ ትቻለሁ። ለስልጠና አዲስ አበባ በሄድኩበት፣ ከመርካቶ እንቅስቃሴ የሚያይ ሴንሰር፣ የበር ማግኔት፣ ሳይረንና ባትሪ ገዛሁ። ከዕቃው ጋር ሲጫኑት ሳይረኑን የሚያስጮህ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ መጥሪያም ነበረው፤ እናቴ ከማተቧ ጋር አሰረችው። ባለሙያ ስለ ማስመጣት አላሰብኩም። ባለሙያው እኔ አይደለሁ? በአንድ ቅዳሜ ገጣጥሜ ጨረስኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ በበሩ ስንጥቅ ገብታ ሴንሰሩ ላይ አረፈችና ሳይረኑ ሰፈሩን አናጋው። ጎረቤቱ ዱላውን ይዞ ግቢያችንን ሞላው። ይቅርታ ጠይቄ ሴንሰሩን ወደ ጓዳው አዞርኩት። በሳምንቱ ዶሮ መደብ ላይ ወጣች። ቀጥሎ ድመት። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የእንጨቱ በር ዝናብ ጠጥቶ አበጠና አልገጥም አለ፤ ማግኔቶቹ ስለተራራቁ ማሽኑ ሌባ የገባ መስሎት ይጮሃል። እኔ የምመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እስከዚያ እናቴ ደጅ ላይ ቆማ እጇን እያወዛወዘች የሮጠውን ሁሉ ትመልሳለች።

በዚያው ሰሞን ከኛ ቤት በላይ ያለው የእህል ነጋዴ ከባሕር ዳር ባለሙያዎች አስመጣ። እውነቱን ለመናገር ሥራቸው ያምራል። ሽቦው ሁሉ በቱቦ ውስጥ ገብቶ፣ ሳይረኑ ከጣሪያው ሥር ተሰቅሎ፣ ሁሉም ነገር በስልኩ የሚታይ ሆነ። ነጋዴው መጥቶ የኔን የተጠላለፈ ሽቦ አየና "መምህር፣ ያንተ የጨርቅ ኳስ ነው" አለኝ። ቀናሁ፤ ምን እዋሻለሁ።

ቅናቴ ብዙ አልቆየም። ከከተማው ሥር ካለው ገደል የሚነሳው ነፋስ የነጋዴውን ቆርቆሮ ባነሳው ቁጥር ሳይረኑ ይጮሃል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይጮሃል። ገበያ ቀን አህያ ከነጭነቷ የብረት በሩን ስትታከክ ይጮሃል። ባለሙያዎቹ ቤቱን በደንብ አይተውታል፤ አገሩን አላዩትም። የኔ ሲበላሽ ቢያንስ ቅዳሜ እደርሳለሁ፤ እነሱ ግን ነጋዴው ሲደውልላቸው መንገዱ አስቸጋሪ ነው፣ በስልክ እናስተካክለው አሉት። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋት አስራ ሁለት ብቻ እንዲሠራ ብሎ እሱው በገዛ እጁ ሁለትና አስራ ሁለት ብሎ ሞላ። ማሽኑ ደግሞ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። እናም እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኝቶ ያመሽና፣ ከዚያ እስከ ቀኑ ስድስት ቤተሰቡ ደጅ በወጣ በገባ ቁጥር ይጮሃል። ስህተቱ ወዲያው ገብቶኝ ነበር። ሳልነግረው አንድ ሳምንት ሙሉ መቆየቴን ዛሬ አልደብቅም።

ጎረቤቱ መጀመሪያ ይሮጥ ነበር። ከዚያ መራመድ ጀመረ። በኋላ ከአጥሩ በላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ መመለስ ሆነ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል ሰምተናል" አለችኝ የአጥር ጎረቤታችን፤ "የናንተ ግን ጅቡ ሳይመጣም ይጮሃል።" ስቄ አለፍኩት። እናቴ አልሳቀችም።

ኅዳር ላይ ነገሩ ዕድር ደረሰ። የዕድሩ ዳኛ ቤተ ልሔም ገዳም ድጓ ያስመሰከሩ የዜማ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ማሽን ሲጮህ ደንቡ ይሠራል ወይስ አይሠራም? መጀመሪያ የተነሱት አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው።

"ገብስ እያጨድሁ ማጭዴን ጥዬ ሮጥሁ። ስደርስ ድመት ናት አሉኝ። ይኸን ደንብ ለድመት ነው ያወጣነው?"

ነጋዴው ተነሳ። "የኔ በባለሙያ የተገጠመ ነው። የመምህሩን ከኔ ጋር አትቁጠሩብኝ።"

እኔም አልቻልኩም፤ "አንተማ ሰዓት እንኳ መሙላት አቅቶህ ሰፈሩን ስታደነቁር ከረምክ" አልኩት። ሰው ሳቀ። የኔታ አልሳቁም። ሁለታችንንም ቁጭ በሉ ብለው፣ "እንግዲያው ማሽን ስለጮኸ ዕድሩ አይነሳም፤ የተቸገረ በራሱ አንደበት ይጣራ" ሲሉ እናቴ ተነሳች።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየን እንጂ ማንም አልሰማም። የኔታ እጃቸውን አንስተው ሰውን ዝም አሰኙ። ደገመችው።

"የኔታ፣ እኔስ በምን ልጥራችሁ?"

ያን ሁሉ ወር ሽቦ ስቀጥል ይህን አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ሌባ የሚይዝ ዕቃ እየገጣጠምኩ ነው የከረምኩት፤ እሷ የቸገራት መጣራት ነው። ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ የእናትህ ዕቃ በስንት መንገድ ይጮሃል?"

"በሦስት፣ የኔታ። ሰው ሲንቀሳቀስ፣ በር ሲከፈት፣ እሷ ስትጫነው።"

"ያለ ሰው እጅ የሚጮሁትን ሁለቱን ንቀላቸው። እሷ በእጇ የተጫነችው እንደ አንደበቷ ይቆጠራል፤ ሰምቶ የቀረ ይቀጣል። አንተም" አሉት ነጋዴውን፣ "ያንተ በስልክህ ይጩህልህ፤ ሰፈሩን ተወው።" ነጋዴው አጉረመረመ፤ እሺ አለ።

ያኑ ዕለት ሴንሰሩንና ማግኔቱን ነቀልኩ። ሳምንታት አለፉ፤ ሳይረኑ ዝም አለ። አንድ ጊዜ እንኳ ሞክሪው ስላት ራሷን ነቀነቀች። ደንብ ከወጣበት በኋላ በከንቱ ብትጫነው ሰው ምን ይላታል ብዬ እኔም አልገፋሁም። ውስጤን ግን ፍርሃት ይዞት ነበር። ሰው አንዴ ከሰለቸ ደንብ ብቻውን አይመልሰውም፤ አንድ ቀን የእውነት ወድቃ ብትጫነውስ?

ጥር ላይ ፈተና ጨርሼ በአንድ ዓርብ መጣሁ። ከሰዓት በኋላ ገበያው መሃል ጫማ እየመረጥኩ ሳለ ሳይረኑ ጮኸ። ጫማውን ጥዬ ሮጥኩ።  ከፊቴ የአጥር ጎረቤታችን ነጠላዋን እየጎተተች ትሮጣለች፤ ነጋዴው የሚዛኑን ብረት እንደያዘ ነው። ገብስ አጫጁ አዛውንት አህያቸውን ለማያውቁት ሰው ሰጥተው ተከትለውናል። የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሮጠው ገቡ። ግቢው ሞላ፤ የተረፈው አጥሩ ሥር ቆመ።

እናቴ የበሩ መድረክ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሷ አልቆሸሸም፣ ነጠላዋ አልወለቀም፣ መጥሪያውን በእጇ ይዛለች። ነጋዴው ጓሮውን ዞሮ መጣ፤ ምንም የለም። ተንበርክኬ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ምንም አልሆንሁም" አለችኝ። "ይመጡ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።"

ተናደድኩ፤ አፈርኩም። ይህን ለሰው እንዴት እናገራለሁ? ራሷን አዙሯት ነው ልል አፌን ስከፍት ክንዴን ያዘችኝ። "ያልሁህን በል" አለች።

ያለችውን አልኩ።  ነጋዴው የሚዛኑን ብረት ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። አዛውንቱ ትንፋሻቸው አልመለስ ብሏቸው ግድግዳውን ተደግፈዋል። የኔታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ከሁሉ በኋላ ደረሱ፤ የሆነውን ነገርኳቸው። እናቴን ረዘም አድርገው ተመለከቷት፤ ከዚያ ዞረው ሰዉን በዓይናቸው ቆጠሩ።

"የቀረ አለ?" አሉ።

"ማንም አልቀረም" አለች የአጥር ጎረቤታችን። እንባዋ መጥቶ ነበር።

እናቴ ተነስታ በእጇ ግቡ አለችን። ውስጥ ጠላው ቀርቧል፣ ቆሎው በሰፌድ ተሰፍሯል። ዓርብ ስለሆነ፣ ጿሚውም እንዲቀምስላት ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ ጠብቃ ነው የተጫነችው። ይመጣሉ ብላ አስባ መደቡ ላይ ያስቀመጠቻቸው ብርጭቆዎች ሦስት ናቸው። ብርጭቆዎቹን አየች፣ በሩ ላይ የተጨናነቀውን ሰው አየች፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ብርጭቆ ልዋስ ወጥቼ ሰፈሩን ዞርኩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ስለነበር የሚያውሰኝ አላገኘሁም።