የቀበሮዎቹ መዝጊያ ከፋች

በሚያዝያ መጨረሻ በመንደራችን በኦስዌከን ውስጥ ሰው ሁሉ የበረዶ ጎማውን ሊያስቀይር የሚወጣው ባንድ ቀን ነው። ቀኑን ማን እንደሚወስነው አላውቅም። እኔም እንደ ሰው ሁሉ በዚያው ቀን ወጥቼ፣ ጎማ ቤቱ ውስጥ ካሉት አራት ወንበሮች የመጨረሻውን ይዤ ተራዬን ስጠብቅ፣ አጠገቤ ያለው ግዙፍ ሰው አላስቀምጥ አለኝ። በመስታወቱ በር ላይ ጥላ ባለፈ ቁጥር ብድግ ይላል። በሩን ከፍቶ ይይዛል፤ ገቢው ሲገባ ቀስ አድርጎ ዘግቶ ይመለሳል። ወንበሮቹ ባንድ ብረት የተያያዙ ናቸውና እሱ በተነሳና በተቀመጠ ቁጥር እኔም አብሬው እናጣለሁ።

አምስተኛው ሰው ሲገባ «ወንድሜ፣ ጎማ ቤቱ ቀጠረህ እንዴ?» አልኩት።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው። ውድድሩ ካለቀ ገና ሁለት ሳምንቱ ስለሆነ ከሰውነቴ አልወጣም።»

ያኔ ለየሁት። ዴልማር ስካይ ነው፤ ቀበሮዎች የሚባለው የላክሮስ ቡድን ሁለተኛ ግብ ጠባቂ። ፊቱን የማውቀው ግን ከላክሮስ ሜዳ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ አውቶቡስ መሪ ኋላ ነው፤ ቴሌቪዥን የሚያሳየው የሚጫወተውን ሰው ነዋ።

እሱም ለየኝ። «አንተ ጋዜጣው ላይ የምትጽፈው አይደለህም? የአክስቴን የዱባ ኬክ 'ጥሩ ነበር' ያልከው?»

«ጥሩ ነበር እኮ።»

«ጥሩ ብቻ! አክስቴ ቨርዲ ከዚያ ወዲህ ስምህን አይጠሩም። ጽሑፍህን ግን በየሳምንቱ ያነባሉ፤ ስህተት ፍለጋ።»

ተራችን ሩቅ ነበር። ስለዚህ ጠየቅሁት፤ እሱም ለመናገር የሚለመን ሰው አይደለም።

እኛ ዘንድ ልጅ መራመድ ሲጀምር ጫፉ ላይ መረብ ያለው፣ ኳስ የሚቀለብበትና የሚወረወርበት የላክሮስ ዱላ ይሰጠዋል። ዴልማርም ተሰጠው፤ በአራት ዓመቱ መጫወት ጀመረ። «እኔ ግብ ጠባቂ ልሁን አላልኩም» አለኝ። «ከልጆቹ ሁሉ ወፍራሙ እኔ ስለነበርኩ ጎሉ ውስጥ አቆሙኝ። ያኔ የጎሉን ግማሽ እሞላ ነበር። አሁን ሦስት አራተኛውን እሞላለሁ፤ ኳሷ ግን የቀረችውን ሩብ ታውቃታለች።»

አባቱ በየከተማው ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ላይ ብረት ሲያጋጥሙ ስለሚከርሙ፣ ያሳደጉት የአክስት ቨርዲ ባል፣ አጎቱ አልተን ናቸው። አጎት አልተን ዱላ ሠሪ ናቸው። ሂከሪ የሚባለውን ጠንካራ እንጨት ፈልጠው፣ በእንፋሎት አለስልሰው ያጎብጡታል፤ ከዚያ ወራት ሙሉ ያደርቁታል። ዛሬ ሰዉ ሁሉ የሚጫወተው በፕላስቲክ ነው። ዴልማር በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ለቀበሮዎች ሲፈርም ግን አጎቱ አስር ወር የፈጀባቸውን የግብ ጠባቂ ዱላ አስታቀፉት።

«ምን አሉኝ መሰለህ? 'ይሄ እንጨት በትልቁ ሊግ ኳስ ሲመልስ ማየት እፈልጋለሁ። ደግሞ ፈጠን በል፤ ዓይኔ እየሄደ ነው።' እኔም ፈጠንኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ተቀመጥኩ።»

የዘንድሮው ሁለተኛው ዓመት ነበር፤ ውሉም የሚያልቅበት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ወፍራም ሰው ደግሞ የሚያስፈርም ሌላ ቡድን እንደሌለ ዴልማር ራሱ ያውቃል። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ አስራ ስምንት ጨዋታ አለ። ከነዚያ ባንዱ ካልገባ፣ የአጎቱ ዱላ ኳስ ሳይነካው ጓዳ ሊገባ ነው።

«ፕሮፌሽናል ሲሉህ ትልቅ ነገር ይመስልሃል አይደል? ዓርብ ከሰዓት ልጆቹን አድርሼ አውቶቡሱን አቆማለሁ። ቅዳሜ አውሮፕላን እሳፈራለሁ፤ ትከሻዬ ወንበሩ አልበቃ ብሎት ከጎኔ ያለውን ሰውዬ ስጫነው እውላለሁ። ማታ ልብሱን፣ መከላከያውን፣ የብረት ቆቡን አጥልቄ፣ ሶፋ መስዬ ወጥቼ እቀመጣለሁ። እሑድ እመለሳለሁ። ሰኞ ጠዋት አንዷ ልጅ ደረጃው ላይ ቆማ 'ዴል፣ ተጫወትክ?' ትለኛለች። 'ግቢ፣ ይበርዳል' እላታለሁ።»

«እና ዝም ብለህ ትቀመጣለህ?»

«ዝም ብዬማ አይደለም። መዝጊያ እከፍታለሁ።»

የቤት ውስጥ ላክሮስ የሚጫወቱት በበረዶ መንሸራተቻው አዳራሽ፣ በረዶው ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ ተዘርግቶ ነው። ዙሪያው የእንጨት አጥር ነው፤ ተቀያሪዎቹ ከአጥሩ ኋላ ይሆናሉ። አምስቱ ሯጮች በየደቂቃው ይቀያየራሉ፤ ባንዲት ትንሽ መዝጊያ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ያቺን መዝጊያ የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ሌላ ሥራ የሌለው ሁለተኛው ግብ ጠባቂ ነው።

«ልዋሽህ አልችልም፤ በዚህ ሥራ የሚስተካከለኝ የለም» አለኝ፤ ቀኝ እጁን አየሩ ላይ እያወዛወዘ። «የማንንም ጣት ቆርጥሜ አላውቅም። ማን ሊወጣ እንዳሰበ ካተነፋፈሱ አውቃለሁ። አጎቴ የሜዳችንን ዘጠኝ ጨዋታ አንድም አላስቀሩም። ከተቀያሪዎቹ ኋላ ትራሳቸውን አንጥፈው ይቀመጡና 'ዴልማር፣ ማጠፊያዋ ትጮኻለች፤ ስማችንን በክፉ ታስጠራለህ!' ይሉኛል። በአምስተኛው ጨዋታ የዘይት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ሕዝብ እያየኝ ተንበርክኬ ማጠፊያ ቀባሁ። ያን ቀን ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነበር።»

አንደኛው ግብ ጠባቂ ኮርማክ የሚባል ወጣት ነው። «የማይታመም ፍጡር» አለው ዴልማር። «ጉንፋን እንኳ ይዞት አያውቅም። በየካቲት ደረጃ ላይ ተንሸራተተ ሲሉኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ ዘለለ። ተንሸራትቶ በእግሩ ቆመ።»

አስራ ሰባቱ ጨዋታዎች እንዲሁ አለቁ። አስራ ስምንተኛው በሜዳቸው ነበር፤ ካሸነፉ ወደ ጥሎ ማለፍ፣ ከተሸነፉ ወደ ቤት። ዘጠኝ ለዘጠኝ እያሉ፣ የመጨረሻው ሩብ ሊጀመር ሲል የኮርማክ ጉልበት ታጠፈ።

«አሰልጣኙ ዞሮ 'ዴል!' አለ። እኔም መዝጊያውን ከፈትኩለት። 'አንተ ነህ የምትወጣው' አለኝ። 'የት?' አልኩት።»

ወጣ። የመጀመሪያዋ ኳስ በእግሮቹ መሃል አለፈች። አስር ለዘጠኝ ሆነ። «ሁለት ዓመት ጠብቄ አራት ሰከንድ ፈጀብኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ግን ዱላው ሥራ ጀመረ። አንዷን በእንጨቱ፣ ሌላዋን በእንጨቱ፤ አንዳንዷን በሆዱ። አዳራሹ ስሙን ይጠራ ጀመር። ወደ አጎቱ ሊያይ ፈለገ፤ ኳስ አሳልፋለሁ ብሎ ፈራ። ውጤቱ ግን አልተቀየረም።

አንድ ደቂቃ ሲቀር አሰልጣኙ ግብ ጠባቂው ሜዳውን ለቆ በሱ ፈንታ ስድስተኛ ሯጭ እንዲወጣ በእጁ ጠራው። ዴልማር በዚያ ሁሉ ልብስ ሜዳውን አቋርጦ ሮጠ። መዝጊያዋ ጋ ሲደርስ ዝግ ናት፤ የሚከፍታት ሰው የለማ፣ ከፋቿ እሱ ነው። ገፍቶ ከፈታት። ከፍቶም፣ ሁለት ዓመት እንዳደረገው ሁሉ፣ በእጁ ደግፎ ቆመ፤ ሜዳው ላይ። ስድስተኛው ሯጭ በጎኑ ወጣ። ዴልማር «በርታ» አለው። ደክሞት ሊገባ የመጣ ሌላ ልጅ ነበር፤ «አንተ ቅደም» ብሎ አሳለፈው፤ በሱ ፈንታ የሚወጣውንም አሳለፈ። ከኋላው አዳራሹ ፈነዳ፤ ጎል ገብቷል፤ አስር ለአስር። ከዚያ ፊሽካ ተነፋ። ዳኛው በጣቱ ቆጠረ፤ ሜዳ ላይ ከስድስት ሰው በላይ አይፈቀድም፤ ስድስት ሯጭ፣ ሰባተኛው ደግሞ መዝጊያ ይዞ በትሕትና የቆመ ግብ ጠባቂ። ጎሉ ተሰረዘ። አስር ለዘጠኝ ተሸነፉ፤ የቀበሮዎቹም ዓመት እዚያው አለቀ።

ልስቅ አልፈለግሁም። ሁለታችንም ስንስቅ ወንበሮቹ ተንቀጠቀጡ፤ ጎማ ቀያሪው አንገቱን አስግጎ አየን።

«አጎትህሳ?» አልኩት በመጨረሻ።

ሳቁን ዋጠ። «በማግስቱ ሄድኩ። አክስቴ የበቆሎ ሾርባ አቀረቡልኝ። አጎቴ ዱላውን ተቀበሉኝና እንጨቱን ባውራ ጣታቸው መዳበስ ጀመሩ። 'ዘጠኝ' አሉኝ። 'ምኑ?' አልኩ። 'በእንጨቱ የመለስከው ዘጠኝ ነው። ፕላስቲክ ጧ ይላል፤ የኔ ዱላ ዷ ይላል። ቆጥሬያለሁ።' በሆዴ የመለስኳቸውን አልቆጠሩልኝም።»

«በጆሯቸው ነው የቆጠሩት?»

«ዓይናቸው ከገና ጀምሮ ጠፍቶ ኖሯል፤ እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገሩም። የሚታያቸው አረንጓዴ ምንጣፍና አንድ ትልቅ ነጭ ነገር ብቻ ነው። ነጩ ነገር እኔ ነኝ። ለካ ዓመቱን ሙሉ መዝጊያ ስከፍት ሊያዩኝ ሳይሆን፣ ያቺን ዷ ሊሰሙ ነው የሚመጡት። ያቺን ፊሽካም ሰምተዋታል። 'ምን ሆነ?' ብለው አክስቴን ሲጠይቁ፣ አክስቴ ያለ ምንም ማመንታት 'ዳኛው ነው' አሏቸው። ከኋላ የነበሩት ጎረቤቶችም 'ዳኛው ነው፣ ዳኛው ነው' አሉ። አሁን በሰፈሩ ዳኛውን የማይረግም የለም። ያ ምስኪን ዳኛ በሕይወቱ ያቺን ቀን ብቻ ነው ልክ የፈረደው።»

«ታዲያ አመኑ?»

«እንጃ። ዱላውን ሲመልሱልኝ 'ዳኞች እንዲህ ናቸው' አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ 'ማጠፊያዋ ግን አልጮኸችም፤ ዘይቱ ሠርቷል' አሉ። ይወቁ አይወቁ እስከ ዛሬ አልለየሁም፤ ለመጠየቅም ድፍረቱ የለኝም።»

የዴልማር መኪና ጎማዋ ተቀይሮ ከማንሻው ወረደች። ተነሳ፤ እኔም አብሬ ተነሳሁ። በሩ ጋ ስንደርስ እጁ ቀድሞት እጀታውን ያዘ፤ ከፈተልኝ፤ እኔ ተራዬ እንኳ አልደረሰም ነበር፤ ግን እንዲያ የተከፈተ በር ሲያዩ አለመውጣት ነውር ሆነብኝና ወጣሁ።

«ዴልማር፣» አልኩት ውጭ ቆመን፣ «ይህን ብጽፈው ይከፋሃል?»

ወዲያና ወዲህ አየ። የአጎቱ ቤት ከጎማ ቤቱ ሦስተኛው ነው።

«ጻፈው» አለኝ። «የመዝጊያዋን ነገር ግን ሰብሰብ አድርገህ ባንድ አንቀጽ አስቀምጣት፤ አክስቴ ሲያነቡላቸው እንዲዘሏት።»