ከወገቧ ዝቅ አድርጋ የምትወረውረው ጓደኛዬ

ኮሌጅ ሳለሁ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራዬ የእሷን ኳስ መያዝ ነበር። ትምህርቱ እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው። እሷ የእጅ ኳስ ቡድናችን ዋና ወርዋሪ ነበረች፤ እኔ ደግሞ በረኛ። ደብረ ብርሃን ባለው የመምህራን ኮሌጅ አንድ ዶርም ደረሰን። ሁለታችንም የመንዝ ልጆች ነን፤ እኔ የመሐል ሜዳ ከተማ ልብስ ሰፊ ልጅ፣ እሷ ከዘመሮ ወዲያ መኪና ከማይገባበት መንደር የመጣች የገበሬ ልጅ።

እኔ በረኛ የሆንኩት በችሎታ ሳይሆን በቁመቴ ነው። እሷ አጭርና ዝምተኛ ነበረች። በመጀመሪያው ሳምንት አሰልጣኛችን አዲስ ተማሪዎችን ሜዳ ላይ ሰብስቦ ተራ በተራ ሲያስወረውር፣ እጅ ኳስ የሚባል ጨዋታ አይታ እንደማታውቅ ነገረችው። ዝም ብለሽ ወርውሪ አላት። ኳሱን ከወገቧ ዝቅ አድርጋ፣ መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ከጎን ለቀቀችው። እኔ እጄን ሳላነሳ ከኋላዬ መረቡ ተወዛወዘ። ድገሚው አላት፤ ደገመችው። የት እንደተማረችው ሲጠይቃት፣ ገብስ ከጭላዳ ዝንጀሮ በድንጋይ ስትጠብቅ ነው አለችው። ማሳቸው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ሥር እየወጡ ስለሚመጡ፣ ድንጋዩ ዝቅ ብሎ ካልሄደ በአናታቸው ላይ ያልፋል።

አሰልጣኙ ክንድሽን ከፍ አድርጊ እያለ ሁለት ሳምንት ደከመ። ክንዷን ከፍ ስታደርግ ኳሱ ግቡን አልፎ የሽንት ቤቱ ጣሪያ ላይ ያርፋል። በመጨረሻ እንደፈለግሽ ብሎ ተዋት። ብዙም ሳይቆይ ሌሎቹን ልጆች እንደ እሷ ዝቅ ብለው እንዲወረውሩ ሲያሠለጥን አገኘሁት።

ጠዋት ጠዋት ከክፍል በፊት ሁለታችን ብቻ እንለማመድ ነበር። ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። እጄ ስለሚደነዝዝ ኳሱ የመታኝ የሚያመኝ ክፍል ገብቼ ሞቅ ሲለኝ ነው። ጣቴ ያበጠ ቀን ማስታወሻ የምትጽፍልኝ እሷ ነበረች። ኳሷን ያሰበችበት የምታደርስ ልጅ ጽሕፈቷ ግን አይነበብም፤ ለፈተና ሳጠና ምን እንደሆነ የምጠይቃት ራሷኑ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ስሟ ወጣ። ሌሎች ኮሌጆች ሲገጥሙን ሁለት ልጅ ይመድቡባታል። የካፌ ሠራተኞች ሳይቀሩ ወጥ ሲጨልፉላት እጃቸው ይፈታል። በዚያው ዓመት አባቷ ዓይናቸውን ሊታከሙ ደብረ ብርሃን መጡና የምንጫወትበት ቀን ላይ ደረሱ። እኔ ጣቴ ተጎድቶ ተቀምጬ ስለነበር አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። በርኖሳቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ትንሽ ሲያዩ ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያቺ ልጅ ምን አድርጋት ነው እንዲህ የምትወረውርባት?» አሉኝ፣ የተጋጣሚያችንን በረኛ እያመለከቱ።

«ልትመታት አይደለም አባባ። በጎኗ ልታሳልፈው ነው።»

«ታዲያ ዞር ብትልላት ምን አለበት?»

የጨዋታውን ሕግ የቻልኩትን ያህል አስረዳኋቸው። የገባቸው አይመስለኝም፤ ሆኖም ከእረፍት በኋላ ልጃቸው ኳስ በያዘች ቁጥር በትሩን ጨበጥ ያደርጉ ነበር። ስድስት ጎል አግብታ አሸነፍን። ላቧን እየጠረገች መጥታ ጉልበታቸውን ስትስም፣ መጀመሪያ ሄዳ ያቺን ልጅ ይቅርታ እንድትጠይቅ ነገሯት። እሷም እሺ ብላ ሄደች። በረኛዋ ግራ ገብቷት ስታቅፋት አየሁ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው ነገር የተበላሸው። የኮሌጆች ውድድር ፍጻሜ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ኳሷ እጄ ላይ ሲያርፍ እንደ ወትሮው አልሆነም። ፍጥነቱ አለ፤ ግን መጨረሻው ላይ ይከዳል። ሦስት ዓመት የያዝኩት ኳስ ስለሆነ ከእኔ ልትደብቀው አልቻለችም። ዶርም ስንገባ ጠየቅኳት። ትከሻዋ ካመማት ወር ሆኖታል፤ ልብሷን የምትለብሰው በግራ እጇ እየጎተተች ነው። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ።

ሁለት ቀን ቻልኩ። በሦስተኛው ቀን ሄጄ ለአሰልጣኙ ነገርኩት። ሐኪም ዘንድ ወሰዳት፤ ሐኪሙም ከዚህ በኋላ ብትወረውር ክንዷ ለሥራም እንደማይሆናት ነግሮ ከለከላት። የፍጻሜው ዕለት መለያዋን ለብሳ ተጠባባቂዎች ጋር ተቀመጠች። በአንድ ጎል ተሸነፍን። የመጨረሻዋ የገባችው በእኔ ላይ ነው፤ በእግሬ መሐል አለፈችኝ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን አላናገረችኝም። አልጋችን ጎን ለጎን ነው። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ ጀሪካን ይዘን እንሰለፍ ነበር፤ በእነዚያ ቀናት ሁሉ የእኔንም ጀሪካን እየሞላች አልጋዬ ሥር ታስቀምጥና ሳታየኝ ትወጣለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሒሳብ ፈተና ልንገባ በር ላይ ቆመን ሳለ ወደ እኔ ዞረች።

«ትርፍ እስክርቢቶ አለሽ?» አለችኝ።

ነበረኝ። ባይኖረኝም የያዝኩትን እሰጣት ነበር።

አሁን ሁለታችንም አስተማሪዎች ነን፤ እኔ መሐል ሜዳ፣ እሷ ዘመሮ አቅራቢያ። ክንዷ እንጨት ይፈልጣል፣ ልጅ ያቅፋል፤ ረጅም ውርወራ ግን አይችልም። ባለፈው እረፍት ልጠይቃት ሄጄ ትምህርት ቤቷን አሳየችኝ። በሁለት ድንጋይ ግብ ሠርታ ሴቶቹን ልጆች ታሠለጥናለች። ከወገባቸው ዝቅ ብለው የሚወረውሩ አሉ፤ ከፍ አድርገው የሚወረውሩም አሉ። ሁሉንም እንደየእጃቸው ትታቸዋለች።

ቤቷ ገብተን፣ የአራት ዓመት ልጇ ጭኔ ላይ እንዳለች፣ ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የነበረውን ጠየቅኳት። ያን ጊዜ በመናገሬ አሁንም ቅር ይላት እንደሆነ።

ዳቦ አውጥታ መቁረስ ጀመረች። «ብጫወት ኖሮ እናሸንፍ ነበር» አለች።

«ምናልባት» አልኳት።

«ምናልባት የለውም። በሁለት ጎል» ብላ ትልቁን ቁራሽ እኔ ፊት አኖረችው።

በማግስቱ ጠዋት እስከ መኪና ተራ ሸኘችኝ። ከረዳቱ ጋር ተከራክራ ከሹፌሩ አጠገብ አስቀመጠችኝ፤ መንገዱ ጥሩ ስላልሆነ ኋላ መቀመጥ እንደማይስማማኝ ታውቃለች። መኪናው ሞልቶ እስኪነሳ ድረስም መስኮቱ ሥር ቆማ ስለ ልጇ ስታወራኝ ነበር።