ቀመሩን የሠራሁት እኔ ነኝ

በስደት አገር ያቋቋምነው ማኅበራችን የሦስት ሰፈር ሰዎች ነው፤ የመሀል ከተማው የጀፕስታውን ጅምላ ነጋዴዎች፣ የካትሌሆንግና የቮስሎሩስ ባለሱቆች። ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፤ ገንዘቡ ጀፕስታውን ይቀመጣል፤ ሱቁ ለተዘረፈበት ሰው ከዚያ ይሰጠዋል። ጠቡም ያው ነው። ጀፕስታውን “ብዙ የምናዋጣው እኛ” ይላል። ሎኬሽን፣ ከከተማው ዳር ባሉት የድሆች ሰፈሮች፣ ያሉት “የምንዘረፈው እኛ” ይላሉ።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻቸውን አስተምራለሁ። ሊቀ መንበሩ ሀጂ ጠርተውኝ፣ “ልጄ፣ ሳንበተን አንድ ደንብ አውጪልን” አሉኝ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይህንኑ ነበር። በፌዴራል አገር ማእከሉ ለክልሎች ሲያካፍል ድርሻው በሰዎች ፈቃድ ከሆነ ኩርፊያ ይመጣል፤ ኩርፊያው መለያየትን ይወልዳል። ስለዚህ ሁሉም አስቀድሞ የሚያውቀው ቀመር ያስፈልጋል። የእኔ ቀላል ነበር፤ ገንዘቡ ለየሰፈሩ በአባላቱ ቁጥር ይደለደላል። አባል ማለት ስሙንና የመኖሪያ ፔፐሩን ቁጥር መዝገብ ላይ ያሰፈረ ነው። ሰሌዳው ላይ በሦስት ቀለም ጻፍኩት። አጨበጨቡልኝ።

ብዙም ሳይቆይ ቮስሎሩስ ውስጥ የአንዷ ተማሪዬ አባት ሱቅ ተዘረፈ። መደርደሪያው ሳይቀር ተነቅሎ ሄደ። ሰውዬው ሚስቱንና ልጁን ይዞ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ አረፈ። የሱቁ አከራይ እስከ ዓርብ ጠዋት መልሶ ካልከፈተ ቤቱን ለሌላ እንደምትሰጥ ነግራዋለች።

ሐሙስ ተሰበሰብን። መዝገቡን ገለጥኩ። የቮስሎሩስ ገጽ ግማሹም አልሞላም። ፔፐራቸው ያለፈባቸውና ጭራሽ የሌላቸው ስማቸውን ለማስፈር ፈርተዋል። በቀመሩ ለሰፈሩ የደረሰው አንድ ፍሪጅ አይገዛም።

“ሀጂ፣ ይጨመርለት” አልኩ።

አንድ ጅምላ ነጋዴ ሳቀ። “ቲቸር፣ ‘ደንብ ሰው አይቶ አይታጠፍም’ ያልሽን አንቺ አይደለሽም እንዴ?”

“ተሳስቼ ነው።”

“ለእሱ ካጠፍነው ነገ ካትሌሆንግም ይመጣል።”

ከቮስሎሩስ የመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። “መዋጮ ስትቀበሉን ስማችንን የጠየቀን አልነበረም!”

ሀጂ ወደ እኔ ዞሩ። “እስቲ አስረጂን፣ ልጄ።”

ማስረዳት እወዳለሁ። ያን ቀን ግን መዝገቡን ዘጋሁት። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ፤ የቮስሎሩስ ሰዎች ተከተሏቸው።

ዓርብ ጠዋት ሰውዬው ፍራሹን ይጠቀልላል። ቤቱ ለሌላ ተሰጥቷል።

“አንተ እኮ ተመዝግበሃል” አልኩት፤ ምን ይጠቅመዋል።

“እኔማ ፔፐር አለኝ፣ ቲቸር። ጎረቤቶቼ የላቸውም። ስላልተመዘገቡ በእነሱ ልፍረድ?”

ልጅቷ የንባብ መጽሐፏን ልትመልስልኝ ዘረጋችልኝ።

“ያንቺ ነው፣ ያዢው” አልኳት።

አባቷን ቀና ብላ አየችው።

“የማኅበሩ ነው፤ መልሺላት” አላት።